ትዕቢተኛዋን ሀብታም ሴትዮ እንዴት እንጻፋት? ለልብ ወለድና ለድራማ ጸሐፊዎች

ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ቤቱ ቪላ ነው፤ ደረጃው ጠመዝማዛ። እሷ ከላይ ትወርዳለች። ቤት ውስጥ ሆና ጥቁር መነጽር አድርጋለች። በአንድ እጇ የወይን ብርጭቆ፣ በሌላው ስልክ ይዛለች። ከታች ልጇ የወደዳት የድሃ ልጅ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሷ ታያትና «አንቺ ነሽ የልጄ ሚስት የምትሆኚው?» ትላለች። ሙዚቃው ይጮኻል። ክፍሉ ያልቃል።

በአማርኛ ተከታታይ ድራማ አይተናታል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በአማርኛ ድምፅ በሚቀርቡት የቱርክ ድራማዎችም ስንት ጊዜ አገኘናት። በኮሪያ ድራማ ደግሞ ገንዘብ የታጨቀበት ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ «ከልጄ ራቂ» ትላለች። ልጅቷ እምቢ ስትል ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ፊቷ ላይ ትደፋባታለች። አገሩና ልብሱ ይለያያል እንጂ ሥራዋ ያው ነው።

ተመልካች ይወዳታል። እሷን መጥላት ደስ ይላል። ችግሩ ያለው እኛ ጸሐፊዎቹ ጋ ነው። በገባች ቁጥር ትሳደባለች፤ ስለተሳደበች ክፉ መሆኗን እናውቃለን፤ ከዚያ ሌላ ስለ እሷ የምናውቀው ነገር የለም። ሃያ ክፍል ሙሉ አንድ ስድብ፣ በሃያ ቀሚስ።

የዚህ መመሪያ ሐሳብ አንድ ነው። ጭካኔዋን ከአፏ አውጡና ቤቷ ሥርዓት ውስጥ አስቀምጡት። እቤት በሌለችበት ሰዓት እንኳ ሰው የሚፈራት ከሆነ ገጸ ባሕሪዋ ቆማለች። የምትፈራው ስትጮህ ብቻ ከሆነ ግን ገና ሥራ ይቀራችኋል።

እንዲቀለን አንዲት ሴት ከዜሮ እየፈጠርን እንሂድ። ወይዘሮ ጽጌ እንበላት። ዘመኑ 2010 ዓ.ም.፣ ቦታው አዲስ አበባ፣ ኦልድ ኤርፖርት። ሠራተኛዋ ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ ናት። ያለምዘርፍ ትባላለች።

1. ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ወስኑ

«ሀብታም ናት» የሚለው ቃል ለጸሐፊ ምንም አይነግርም። ገንዘብ ታሪክ አለው። ታሪኩ ፍርሃቷን ይወስናል፤ ፍርሃቷ ደግሞ ክፋቷን ይቀርጻል።

ከ1967 በፊት ያለች የባላባት ቤት እመቤት ብትጽፉ ገንዘብ ቆጥራ አታውቅም። ሀብቷ በጭሰኛው ጀርባ ነው የሚመጣው። እህሉ ጎተራ ይገባል። ለበዓል ሙክቱ፣ ማሩና ቅቤው ይመጣል። ሰው ፊቷ የሚቆመው ነጠላውን አደግድጎ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ለምን ትጮኻለች? ድምፅ ማሰማት የሚያስፈልገው ለሚጠራጠር ሰው ነው። እሷ አትጠራጠርም። የእሷ ክፋት እርጋታ ነው፤ አንድ ገበሬ ከጠዋት እስከ ማታ ደጅ ሲጠና ውሎ «አላየሁትም እኮ» ማለት ትችላለች፤ እውነትም ላታየው ትችላለች።

የባለሥልጣን ሚስት ሌላ ናት። የምትፈራው ሹም ሽር ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። ዛሬ ያመናጨቀችው ሰው ነገ የት እንደሚሾም ስለማታውቅ ክፋቷ ስሌት አለው። የአስመጪ ነጋዴዋ ደግሞ የሁሉን ነገር ዋጋ ታውቃለች፤ የሰውንም ጭምር። በቅርቡ ሀብት ያገኘችዋ ከሁሉም በላይ የምትፈራው የድሮ ጎረቤት ነው። መርካቶ መሀል በልጅነት ቅጽል ስሟ የጠራት ሰው ቀኗን ሙሉ ሊያበላሽባት ይችላል።

ለጽጌ የትኛውን እንስጣት? እኔ ከ1967 አካባቢ ልጀምራት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ከባለመሬቱ እጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት። የጽጌ አባት አራት ኪሎ አካባቢ ሰባት የሚከራዩ ቤቶች ነበሩት እንበል። እሷ ያኔ 11 ዓመቷ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ኪራይ ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይገባ የነበረው ሰውዬ ከአዋጁ በኋላ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ሰላምታው ተቀየረ። አልሰደባቸውም። ዝቅ ማለቱን ብቻ ተወ። ለ11 ዓመት ልጅ ይህ ከውርሱ የበለጠ ያስደነግጣል።

በኋላ ነጋዴ አገባች፤ ገንዘብ ተመልሶ መጣ። ልቧ ግን ሐምሌ 19 ላይ ቆሟል። ስለዚህ ጽጌ ቁልፍ ትይዛለች። የጓዳው፣ የቁምሳጥኑ፣ የስኳርና የቡናው ሳጥን ቁልፍ ሁሉ አንድ ላይ ታስሮ ኪሷ ውስጥ ነው። ስትተኛ ትራሷ ሥር ነው። ሠራተኞቹ መምጣቷን የሚያውቁት በቁልፉ ድምፅ ነው።

ለምን እንደምትቆልፍ ለማንም አትናገርም። እናንተም በመጀመሪያው ምዕራፍ አትንገሩን። አንባቢ ለጊዜው «ስስታም ናት» ብሎ ይለፋት።

የቤት ሥራ፦ ወደ መጽሐፉ የማይገባ ግማሽ ገጽ ጻፉ። ገንዘቡን ማን አመጣው፣ በየትኛው ዓመት፣ በዚያ ምክንያት ማን ከሰረ፣ አሁን ማን ሊወስድባት ይችላል። የመጨረሻውን ጥያቄ በደንብ መልሱት።

2. የቤቱን ሕግ ጻፉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

እያንዳንዱ ቤት ያልተጻፈ ሕግ አለው። ማን በየት በር ይገባል? ማን ከማን በኋላ ይበላል? ማን ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ ማን ዱካ ላይ? የጽጌን ቤት ሕጎች አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ ኩባያው። ለያለምዘርፍ የተለየች ኩባያ አለች፤ እጀታዋ የተሰበረ። «ይህ ያንቺ ነው» ያላት ሰው የለም። የመጣች ቀን ሻይ የተሰጣት በዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ኩባያ አልነካችም። አንድ ስድብ አልተነገረም፤ ግን ሁሉም ነገር ተነግሯል።

ቀጥሎ ስሟ። ጽጌ የመጀመሪያ ቀን ስሟን ትጠይቃታለች። «ያለምዘርፍ? ውይ፣ ረዘመብኝ የኔ እናት። ዓለም ልበልሽ።» ፈገግ ብላ ነው የምትለው። በሦስተኛው ወር ግቢ ውስጥ ሙሉ ስሟን የሚያውቅ ሰው የለም። ከአገር ቤት ስልክ ተደውሎ «ያለምዘርፍን አገናኙን» ሲባል ዘበኛው «ተሳስታችኋል» ብሎ ይዘጋዋል። ይህቺን ትዕይንት ብቻዋን አጭር ልብ ወለድ ማድረግ ይቻላል።

ደሞዙ ከሁሉም ይረቅቃል። «እጅሽ ላይ ካለ ታጠፊዋለሽ፤ እኔ ላስቀምጥልሽ» ትላለች። እንደ እናት ነው የምታወራው። ደብተር አላት። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የሞባይል ካርድ፣ የሐኪም ቤት ወጪ፣ ሁሉም በቀን በቀኑ ይጻፋል፤ ይቀነሳል። ጽሕፈቷ ያምራል። ደብተሩን አትርሱት፤ በኋላ ሥራ አለው።

የምግቡ ነገር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ትኩሱ እንጀራ ለገበታ፣ የትናንቱ ለኩሽና። ስጋው ወጥቶ መረቁ ይቀራል። መኝታዋ ሰርቪስ ቤት ነው፤ ከውሾቹ ቤት ቀጥሎ። የምትተኛው የመጨረሻው እንግዳ ሲሄድ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሳም ይፈቀዳል፤ ቅዳሴ ሳያልቅ መመለስ ግን ግዴታ ነው።

«ታዲያ ለምን ጥላ አትሄድም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱን አዘጋጁ፤ መልሱም እውነተኛ ይሁን። ደሞዟ ደብተሩ ውስጥ ነው። ያመጣት ደላላ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ቤት ስትቀይር ስለሆነ ምክሩ ሁልጊዜ «ውጪና ሌላ ቤት ላግባሽ» ነው፤ የቀደመውን ብር ግን አያስመልስላትም። ሕጉም ብዙ አያግዛትም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሰው ቤት የሚሰጥን የግል አገልግሎት ከሽፋኑ ውጪ ትቶታል። ታሪካችን ያለው በ2010 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅም በዚህ በኩል አይሻልም ነበር። በግቢው በር ውስጥ ሕግ ማለት የጽጌ ቃል ነው። ይህን ስታውቁ ገጸ ባሕሪዋን በጩኸት ማጠናከር እንደማያስፈልግ ይገባችኋል። ሥልጣኑ ቀድሞ በእጇ አለ።

አሁን አጻጻፉ። ሕጎቹን በአንድ አንቀጽ አትዘርዝሩ፤ እኔ እዚህ ያደረግሁት ለማስተማር ስለሆነ ነው። እያንዳንዱን ሕግ ሁለት ጊዜ አሳዩን። አንድ ጊዜ ሲከበር፣ አንድ ጊዜ ሲጣስ። የተጣሰ ቀን አንድ ሰው ዋጋ ይክፈል።

ለምሳሌ ኩባያዋ። አንዲት እንግዳ ውሃ ጠምቷት ራሷ ኩሽና ትገባለች። እጇ የገባላትን ኩባያ አንስታ ትጠጣለች፤ ያቺው እጀታ የሌላት ናት። ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ምንም አትልም። እንግዳዋን በፈገግታ ትሸኛለች። ከዚያ ወደ ኩሽና ተመልሳ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ዓለም፣ ኩባያሽን ደብቂ እንጂ።»

አለቀ። ሙዚቃ አያስፈልገውም።

3. አሽሙር እንጂ ስድብ አትስጧት

እኛ የሰምና ወርቅ አገር ሰዎች ነን። ሆኖም ድራማችን ውስጥ ሀብታሟ ሴትዮ ስትናገር ሰሙም ወርቁም ጠፍቶ «አንቺ ቆሻሻ» ብቻ ይቀራል። ያሳዝናል። በእንዲህ ዓይነት ቤት ያደገች ሴት ዋናው መሣሪያዋ አሽሙር ነው።

ልጇ እጮኛውን ይዞ መጥቷል። ልጅቷ ነርስ ናት፤ አባቷ አናጢ። የተለመደው አጻጻፍ ይህ ነው፦

«የአናጢ ልጅ ቤቴ ውስጥ? ውጪልኝ!»

አሁን ጽጌ ትናገር። ከጎኗ ወደ ተቀመጠችው እህቷ ዞር ብላ ነው፦

«ቆንጆ ልጅ ናት። እጇን አየሽው? ሥራ የለመደ እጅ ነው። ቤታችን በረከት ገባ።»

ሰሙ ምርቃት ነው። ወርቁ «ሠራተኛ መጣችልን» ነው። ልጅቷ ገብቷታል፤ ግን ምን ትመልስ? ምርቃት ላይ ማኩረፍ አይቻል። ልጁም «እናቴ ወደደችሽ» ብሎ ደስ ይለዋል። ጥሩ አሽሙር እንዲህ ነው። የተወጋው ሰው ብቻውን ይደማል፤ ሌላው ይስቃል። ስትጽፉ አንድ መመዘኛ ይኑራችሁ፦ ተጠቂዋ መልስ መስጠት ከቻለች አሽሙሩ ገና አልበሰለም።

ሌላው መሣሪያ አጠራር ነው። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው። ጽጌ በዕድሜ የሚበልጧትን አትክልተኛ «አንተ» ትላለች፤ እሳቸው «እትዬ» ይሏታል። የባንክ ሥራ አስኪያጁን፣ ልጇን የሚያህለውን ጎረምሳ፣ «እርስዎ» ትላለች። አንባቢ ሳይነገረው መሰላሉን ያየዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በሦስተኛ ሰው ማውራት ነው። ነርሷ ሶፋው ላይ አለች፤ ጽጌ ልጇን ትጠይቀዋለች፦ «ልጅቷ ምን ትጠጣለች?»

«እንደ ልጄ» የምትለዋን ሐረግም አስታውሱ። በየቤቱ የምትሰማ ናት። ደሞዝ ሲጠየቅ «እንደ ልጄ አይደል እንዴ የማይሽ»። ፈቃድ ሲጠየቅ «እንደ ልጄ ነው የምሳሳልሽ»። ጽጌ ይህን የምትለው ስትከለክል ብቻ ይሁን። አንባቢ በሦስተኛው ጊዜ ሐረጓን ሲሰማ ሆዱ ይቆርጠዋል።

እንግሊዝኛ እየቀላቀለች እንድታወራ ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነው። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ እኔ ግን ይታክተኛል። የግድ ካላችሁ አንድ ቃል ይበቃል። «ሶሪ» ትበል፤ የምትለው ግን ለእኩዮቿ ብቻ ይሁን።

4. ጋሼን አትርሱ

ይህ ደረጃ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ የለም። እስቲ አስተውሉ። ክፉዋ ሀብታም ሴትዮ ባለችበት ታሪክ ሁሉ አንድ ደግ ባል አለ። ጋዜጣ ያነባል። ለሠራተኛዋ በበዓል ቀን ብር ሸጎጥ ያደርግላታል። «ተያት እባክሽ፣ ጽጌ» ይላል። ሁላችንም እንወደዋለን።

ግን ሸሚዙ በማን ላብ ነው የሚተኮሰው? ቁርሱ በሰዓቱ የሚቀርበው ያለምዘርፍ በስንት ሰዓት ተነሥታ ነው? ቤቱ በሥርዓት የሚሄደው በጽጌ ቁልፍ ነው፤ ጋሼ ደግሞ የሚኖረው በዚያ ሥርዓት ምቾት ላይ ነው። ክፋቱን ሁሉ ሚስቱ ስለምትሠራለት ደግ መሆን ለእሱ በነጻ ነው።

ክፉዋን ሴትዮ የምንወዳት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የቤቱን ኃጢአት ሁሉ ለሴቷ ሰጥተን ወንዱን እናሳልፈዋለን። ጽጌን ጻፏት፤ ክፉ ትሁን፤ ግን አንድ ትዕይንት ላይ ሒሳቡን ከባሏ ጋር እንድታወራርድ ዕድል ስጧት። ያለምዘርፍ ታምማ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት እንበል። ጋሼ «ላኪያት እንጂ፣ ልጅቷ ታማለች» ይላል። ጽጌ፦ «እሺ። ዛሬ ማታ ስድስት እንግዳ ጠርተሃል። ማን ያብስል?» ጋሼ ጋዜጣውን ያነሣል። በዚህች ቅጽበት ጽጌ ትክክል ናት። ክፉ ገጸ ባሕሪ ትክክል የምትሆንበት ቅጽበት ከሌላት አንባቢ ለረጅም ጊዜ አብሯት አይቆይም።

5. ክፋቷ ሴራውን ያንቀሳቅስ

ይህን ከሁሉ በተሻለ ያደረገችው ጄን ኦስተን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1813 በወጣው «ፕራይድ ኤንድ ፕሪጁዲስ» ልብ ወለዷ ውስጥ ሌዲ ካትሪን የምትባል ባለርስት አለች። የእህቷ ልጅ ዳርሲ የእሷን ልጅ እንዲያገባ ትፈልጋለች። እሱ ግን ልቡ ከእሱ በታች ወደምትባለው ኤልዛቤት ነው። ሌዲዋ በሠረገላ ተነሥታ ኤልዛቤት ቤት ድረስ ትመጣና «አላገባውም ብለሽ ቃል ግቢልኝ» ትላታለች። ኤልዛቤት ቃል አልገባም ትላለች። ሌዲዋ ተናዳ ሄዳ ይህንኑ ለዳርሲ ትነግረዋለች። ዳርሲ ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ «ቃል አልገባም ካለችማ ገና ተስፋ አለኝ» ብሎ ተመልሶ ይመጣል። ጋብቻውን ልታፈርስ የሄደችው ሴት ራሷ አጋባቻቸው።

ልብ በሉ፤ የረታት ዕድል አይደለም። መኪና አልገጫትም፤ ሚስጥራዊ ደብዳቤ አልተገኘም። የረታት የራሷ ባሕርይ ነው፤ ሁሉን ካልተቆጣጠርኩ ማለቷ።

የጽጌ ቁጥጥር የት ነው? ደብተሩ ላይ። የያለምዘርፍ ደሞዝ፣ የተቀነሰው፣ የቀረው፣ ሁሉም በጽጌ በራሷ እጅ ጽሕፈት በቀን ተጽፏል። ሥርዓት ስለምትወድ አንድም ገጽ አልቀደደችም። ያለምዘርፍ ደግሞ እዚያው ቤት ሆና የማታ ትምህርት ባትማርም ከጽጌ ትንሽ ልጅ ጋር እየተቀመጠች ማንበብ ተምራለች። አንድ ቀን ደብተሩን ታነበዋለች። ከዚያ ወዲያ ለሽማግሌም ሆነ ለፍርድ ቤት ምስክር መፈለግ አያስፈልግም።

6. ከቤቷ አውጧት

ሁሉም ትዕይንት ሳሎን ውስጥ ከሆነ ጽጌ ሁልጊዜ ታሸንፋለች። ሕጉ የእሷ ወደማይሆንበት ቦታ ውሰዷት። ሰርግ ጥሩ ነው፤ የክብር ጠረጴዛው ላይ ማን ተቀመጠ፣ ማን ከኋላ ተረሳ። ማኅበርም ይሆናል። እኔ የምመርጠው ግን ለቅሶ ነው፤ ምክንያቱም እድር አለ።

እድር የገንዘብህን ልክ አይጠይቅም። ሁሉም እኩል ያዋጣል። ቀብር የቀረ መቀጮ ይከፍላል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው ወንበርና ድስቱ የሁሉም ነው። ኦልድ ኤርፖርት ያለ ቪላ ለቀስተኛን አያስተናግድም፤ የሚያስተናግዱት ሰዎች ናቸው።

የጽጌ እናት አራት ኪሎ፣ በቀረችላቸው በአንዷ ቤት ሲኖሩ ኖረው አረፉ እንበል። እድራቸውን አንድ ወር ሳያጓድሉ ከፍለዋል። ጽጌ ለዓመታት ወደዚያ ሰፈር እምብዛም አልሄደችም። አሁን ድንኳኑ ተተክሎ ትደርሳለች። የእድሩ ዳኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? በ1967 ባርኔጣውን ማውለቅ የተወው የድሮው ተከራይ ወይም የእሱ ልጅ። ይነሣና ያቅፋታል። «ጽጌ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል። ወይዘሮ የለም፣ እትዬ የለም። ለ43 ዓመት የፈራችው ነገር ፊት ለፊት መጣ፤ መጥቶም አለቀሰላት።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጽጌ ተለውጣ እግሩ ላይ እንድትወድቅ አታድርጉ። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ቤቷ ተመልሳ ቁልፉን ከወትሮው አብልጣ አጥብቃ ትይዛለች። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል።

7. ሌላ ዓይነት ሴት ከፈለጋችሁ፦ ከማዳም ቤት የተመለሰችው

ጽጌ የድሮ ቤት ልጅ ናት። ለዘመናችን የሚቀርብ፣ ገና ያልተነካ ገጸ ባሕሪ ደግሞ አለ።

ሰናይት ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። በሊባኖስ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ነው። የአገሩ የሥራ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ1946ቱ፣ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም። ፓስፖርቷ ማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሩ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ብዙ ኢትዮጵያውያት ከነሻንጣቸው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው አይተናል። ሰናይት ከዚያ በፊት ተመልሳለች። የቆጠበችው ገንዘብ አልጠፋባትም። የውበት ሳሎን ከፈተች፣ ኮንዶሚኒየም ገዛች፣ ሠራተኛ ቀጠረች።

የመጀመሪያ ቀን ምን አደረገች? የልጅቷን መታወቂያ ተቀብላ «ላስቀምጥልሽ» አለች።

ሰናይት ማዳምን አምርራ ትጠላለች። ግን ሥርዓት ያለው ቤት ሲባል የምታውቀው የማዳምን ቤት ብቻ ነው። ወለሉ በቀን ሁለት ጊዜ በበረኪና ይታጠባል። መስኮቱ በጋዜጣ ይወለወላል። ልጅቷ ዳቦ የምትደብቅበትን ቦታ ሳትፈልግ ታገኘዋለች፤ እሷም እዚያው ነበር የምትደብቀው። ይህን ዓረፍተ ነገር በትክክለኛው ቦታ ካስቀመጣችሁት ስለ ሰናይት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

አንድ ማሳሰቢያ። የቤይሩቷን ማዳም ስትጽፉ አገር አትጻፉ፤ አንድ ቤት ጻፉ። እሷም ገንዘቧ ከአንድ ቦታ መጥቷል፤ እሷም የምትፈራው አላት። ደረጃ አንድን ለእሷም ሥሩላት።

8. ያለምዘርፍን ቅድስት አታድርጓት

አጭር ነው። የተበደለችው ልጅ ሁልጊዜ የምታለቅስና የምትጸልይ ከሆነች ክፉዋም ትደክማለች፤ የሚገዳደራት የለምና። ያለምዘርፍ ትዋሽ። ከዘበኛው ጋር ጽጌን እያስመሰለች ትሳቅ፤ አረማመዷን፣ የቁልፉን ድምፅ። ስኳር ትስረቅ። አንድ ቀን ደግሞ ከእሷ በታች ያለውን ተላላኪ ልጅ በጽጌ ድምፅ ታመናጭቀው፤ ከዚያ ራሷ ትደንግጥ።

9. ቅጣቱን ከመጻፋችሁ በፊት

ክፉዋ ሀብታም እንዴት እንደምትቀጣ አስቀድመን እናውቃለን። ወይ ሽባ ትሆናለች፣ ወይ ትከስራለች፣ ወይ ታብዳለች፣ ወይም ያባረረቻት ሠራተኛ ሀብታም ሆና ትመለሳለች። ሰማይ ራሱ እየወረደ የጸሐፊውን ሥራ ይሠራለታል። አንባቢ ያጨበጭብ ይሆናል፤ ማታውኑ ግን ይረሳዋል።

ጽጌን የሚቀጣት ያው የራሷ ሕግ ይሁን። ሁሉን ቆልፋለች፤ እርጅና ሲመጣ የሚከፍትላት ሰው ማን ነው? ልጇ ነርሷን አግብቶ ወጥቷል፤ ሲመጣ እንደ እንግዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አዲስ ሠራተኛ ተቀጥራለች፤ ጽጌ የእሷንም ስም አሳጥራለች። ወይም አትቅጧት። ብዙዎቹ ሳይቀጡ ነው የሚኖሩት፤ ይህን መጻፍም እውነት ነው፣ ያለምዘርፍ ያለችበትን እስካሳያችሁን ድረስ።

10. ስትከልሱ

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቪላውን፣ መኪናውን፣ ወርቁንና ወይኑን ሁሉ ከገጹ ሰርዙ። አሁንም ሀብታም መሆኗ ይታወቃል? ካልታወቀ ሀብቷ ዕቃ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ ሁለት ተመለሱ።

የቃለ አጋኖ ምልክቶቿን ቁጠሩ። ከንግግሯ ሁሉንም አውጡና አንዱን ብቻ መልሱላት፤ የት እንደምትፈልጉት በደንብ አስቡበት።

በመጨረሻ ረቂቁን በሰው ቤት ለሠራች ሰው አንብቡላት ወይም አስነብቧት። ጸሐፊ ጓደኞቻችሁ ስለ አወቃቀሩ ይነግሯችኋል፤ እሷ ግን «ኩባያው አይደለም፣ ሳሙናው ነው የሚለየው» ትላችኋለች፤ ወይም የዋሻችሁበትን ቦታ ፈገግ ብላ ታልፈዋለች። ስታልፈው «ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጻፉት። ለጊዜዋም ክፈሏት፤ በዕለቱ፣ በእጇ።